የላብራቶሪው አሳላፊነት ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ኩሬው ለምን ይጎድላል?

ጥያቄ — የወረዳ መሐንዲስ

ሰላም ለሁላችሁም። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ መረሬ አፈር በሚበዛበት አካባቢ፣ ለአነስተኛ መስኖ የሚሆኑ ኩሬዎችን በማስቆፈር ሥራ ላይ ነኝ። ከኩሬዎቹ አንዱ 2 ሜትር ውሃ እንዲይዝ ታስቦ የተቆፈረ ሲሆን፣ ወለሉ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዚያው አካባቢ ጥቁር አፈር ተነጥፎ በሮለር ተጠቅጥቋል። የአፈሩ ናሙና ላብራቶሪ ተልኮ የመጣው ውጤት ፐርሚየቢሊቲው፣ ማለትም አሳላፊነቱ፣ በሰከንድ የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ መሆኑን ይገልጻል። ይህ ቁጥር እጅግ ትንሽ እንደሆነ ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። ይሁን እንጂ ኩሬው በክረምቱ ከሞላ በኋላ፣ ዝናብ በሌለባቸው ቀናት በቀን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲጎድል ቆይቶ፣ እየቆየ ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል።

ግራ ያጋቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ያው የላብራቶሪ ሪፖርት ከአፈሩ ይዘት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባዶ ቀዳዳ ነው ይላል፤ ግማሹ ቀዳዳ የሆነ አፈር እንዴት ውሃ አያሳልፍም ይባላል? ሁለተኛ፣ አያሳልፍም ከተባለስ ውሃው በየት በኩል ሄደ? ሦስተኛ፣ ይኸው ፐርሚየቢሊቲ የሚለው ቃል በአንዳንድ ጽሑፎች በሜትር በሰከንድ፣ በሌሎቹ በካሬ ሜትር፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጓደኛዬ ዘንድ ደግሞ ስለ ትራንስፎርመር ብረት ሲነገር እሰማዋለሁ። ሁሉም የሚለኩት አንድ ነገር ነውን?

መልስ — ጂኦቴክ

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ ከተፈታ ሁለተኛው ግማሽ በግማሽ ይፈታል፤ ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

አሳላፊነት የሚለካው በአፈር ውስጥ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ ሳይሆን፣ አንድ የተወሰነ ግፊት ሲኖር ውሃው በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጓዝ ነው። ነገሩን በልኬት ያስቀመጠው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ነው፤ የዲዦን ከተማን ውሃ ከሚመለከተው ሥራው ጋር በተያያዘ፣ በአሸዋ በተሞላ የቆመ ቧንቧ ውስጥ ውሃ እያሳለፈ ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1856 አሳተመ። ያገኘው ነገር ቀላል ነው፦ የሚያልፈው ውሃ በላይና በታች ካለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ጋር አብሮ ያድጋል፣ ውሃው የሚያቋርጠው የአፈር ውፍረት ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል። የከፍታው ልዩነት ለውፍረቱ ሲካፈል የሚገኘውን ግራዲየንት እንለዋለን። በአንድ ካሬ ሜትር የሚያልፈው ውሃ ለዚህ ግራዲየንት ሲካፈል የሚቀረው ቁጥር የአፈሩ ነው፤ ሪፖርትዎ ላይ የተጻፈው እርሱ ነው።

ሸክላ አፈር ከአሸዋ የበለጠ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይችላል፤ አሸዋ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ፣ ሸክላ ደግሞ ከ40 እስከ 60 በመቶ። ልዩነቱ ያለው በቀዳዳው መጠን ነው። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው መተላለፊያም ያንኑ ያህል የጠበበ ነው፤ ውሃው በየግድግዳው እየተጎተተ ስለሚሄድም የባዶው ድርሻ ሳይለወጥ መተላለፊያው በ100 እጥፍ ቢጠብ የሚያልፈው ውሃ በ10,000 እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ ነው በጠጠርና በሸክላ መካከል ያለው ልዩነት ሌላ የአፈር ባሕርይ በማይደርስበት ስፋት የሚራራቀው፤ ንጹሕ ጠጠር በሰከንድ የሜትር አንድ መቶኛ ሲያሳልፍ፣ መካከለኛ አሸዋ አንድ አሥር ሺኛ፣ ጥሩ ሸክላ ደግሞ የእርስዎን አንድ ቢሊዮንኛና ከዚያም በታች ያሳልፋል።

አሁን የእርስዎን ኩሬ እናስላ። የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ በሰከንድ ማለት፣ ግራዲየንቱ 1 ሲሆን፣ በቀን 0.086 ሚሊ ሜትር ነው። ኩሬው ሲሞላ በላይ 2 ሜትር ውሃ፣ በታች 50 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ስላለ የከፍታው ልዩነት 2.5 ሜትር ነው፤ ይህ ለንጣፉ 0.5 ሜትር ውፍረት ሲካፈል ግራዲየንቱ 5 ይሆናል፤ ስለዚህ ንጣፉ እንደ ናሙናው ቢሆን ኖሮ በቀን የሚሰርገው 0.43 ሚሊ ሜትር ነበር። ትነት በደጋው ብሩህ ቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ሊወስድ ይችላል። እርስዎ ያዩት ግን 30 ሚሊ ሜትር ነው። ትነቱን ስንቀንስ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ይህን ለግራዲየንቱ ብናካፍለው የኩሬው ወለል በተግባር የሚያሳልፈው ላብራቶሪው ከሰጠው ወደ 60 እጥፍ ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህ ላብራቶሪው ስለተሳሳተ አይደለም። ላብራቶሪው የለካው በእጅ መዳፍ የምትያዝ፣ በጥንቃቄ ተጠቅጥቃ ውሃ የጠገበች ናሙና ሲሆን፣ ኩሬው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ነው፤ በዚያ ስፋት ላይ አንድ ስንጥቅ፣ አንድ የሥር ቀዳዳ፣ በሁለት የጥቅጠቃ ንብርብሮች መካከል ያልተያያዘ አንድ ስስ መስመር ቢኖር ውሃው እርሱን ፈልጎ ያገኘዋል። በስንጥቅ የሚያልፍ ውሃ ደግሞ የስንጥቁ ስፋት በእጥፍ ባደገ ቁጥር 8 እጥፍ ይሆናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሸክላ ንጣፎች ላይ የተሠሩ ልኬቶች በመስክ የተገኘው አሳላፊነት ከላብራቶሪው ከ10 እስከ 1,000 እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል ስላሳዩ፣ የእርስዎ 60 እጥፍ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኔ እምነት የላብራቶሪ ቁጥር የሚነግረን አፈሩ ከሠሩበት እስከምን ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ነው፤ ኩሬው ምን እንደሆነ አይነግረንም።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ንጣፉ ወለሉ ላይ ብቻ ነው ወይስ ጎኖቹም ተነጥፈዋል? ሥራው ካለቀበት ቀን አንሥቶ ውሃ እስኪገባ ድረስስ ኩሬው በምን ሁኔታ ቆየ?

መልስ — የአፈር ተመራማሪ

የጂኦቴክን ስሌት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መረሬ አፈር አንድ ቋሚ አሳላፊነት ያለው አፈር ነው ብሎ መነሣቱ ራሱ አንባቢን ሊያሳስት ስለሚችል ጥቂት ልጨምር።

አገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የዚህ ዓይነት ጥቁር አፈር አላት፤ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋው የሚገኝ ነው። ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ዓይነት ስለሚበዛበት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ከብት እግሩን እስኪሰብር ድረስ የሚሰነጠቀው መሬትና በነሐሴ ውሃ አቁሮ ሰብል የሚያቢጫጨው መሬት አንድ መሬት ነው። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ በንቃቃቱ እየገባ ወደ ታች ይወርዳል፤ አፈሩ አብጦ ንቃቃቱ ሲዘጋ ግን የማስረግ አቅሙ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የኢነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው፦ ውሃው ወደ ታች እንደማይሄድ ስለተረዱ ወደ ጎን እንዲሄድ መንገድ ያበጁለታል።

የእርስዎ ኩሬ በመጀመሪያ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በኋላ 1.5 ሴንቲ ሜትር መጉደሉም ከዚህ ጠባይ ጋር ይሄዳል። ንቃቃቱ ቀስ በቀስ እየተዘጋ ነው ማለት ነው። በእርግጥ ውሃው ዝቅ ሲል ገፊው ከፍታም አብሮ ስለሚቀንስ ለውጡን ሁሉ ለንቃቃቱ መስጠት አይቻልም፤ ቢሆንም በግማሽ መቀነሱን በውሃው ከፍታ መውረድ ብቻ ማስረዳት የሚቻለው ኩሬው በጣም ከጎደለ ነው።

ቤት ለመምረግ ጭቃ የሚያቦካ ሰው ጭድ የሚጨምረው ምርጉ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው፤ በእግሩ ደጋግሞ የሚረግጠው ደግሞ ጓሉ ፈርሶ አንድ ወጥ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው ለኩሬም ይሠራል። በብዙ አገር የኩሬና የቦይ ወለል ከብት እየተነዳበት እንዲረገጥ የሚደረገው ጓሉና በጓሉ መካከል ያለው ክፍተት እንዲጠፋ ነው። የመጀመሪያው ግን ለኩሬ አይመከርም፤ ጭዱ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

የጠያቂው ተጨማሪ ማብራሪያ — የወረዳ መሐንዲስ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለጂኦቴክ ጥያቄ፦ የተነጠፈው ወለሉ ብቻ ነው፤ ጎኖቹ ተቆፍረው እንደወጡ ቀርተዋል። ጥቅጠቃው ያለቀው በጥር ወር ሲሆን ኩሬው እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ደረቅና ክፍት ነበር። በግንቦት ሳየው ወለሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ንቃቃት ነበረ፤ በወቅቱ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል ብዬ አሰብኩ። ከስሩ ምን ዓይነት አለት እንዳለ አልተጠናም፤ ሆኖም በአንደኛው ጥግ ቆፋሪዎቹ የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ ላይ ደርሰው ነበር።

መልስ — ጂኦሎጂስቱ

ያ የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ ትኩረቴን ስቦታል። የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ ስለ አሳላፊነት ካስተማረን አለት ሁሉ ምናልባት ዋነኛው ነው። ቁራጩን በእጅዎ ይዘው ቢያዩት ጋዝ የተወው ፊኛ መሰል ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ እነዚያ ቀዳዳዎች እርስ በርስ ካልተገናኙ ግን ውሃ አያሳልፉም። በአንጻሩ ምንም ቀዳዳ የማይታይበት ድፍን ባዛልት፣ ሲቀዘቅዝ በተፈጠሩበት ስንጥቆች ብቻ ብዙ ውሃ ያሳልፋል። ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው የአቃቂ የጉድጓድ መስክም ውሃውን የሚያገኘው ከተሰነጠቀ ባዛልትና መንገድ ሠሪዎች ቀይ አመድ ከሚሉት የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ኩሬዎ በአንድ ጥግ እንዲህ ያለ አለት ነክቶ ከሆነ የቀረው ወለል ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሒሳቡን የሚወስነው ያ ጥግ ነው።

በካሬ ሜትር ስለሚጻፈው ልመልስ። በሜትር በሰከንድ የሚጻፈው ቁጥር ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይዟል፤ የመተላለፊያውን ጥበትና የሚያልፈውን ፈሳሽ ቅጥነት። የውሃ ባለሙያ ፈሳሹ ሁልጊዜ ውሃ ስለሆነ መለየት አያስፈልገውም። የነዳጅ ባለሙያ ግን በአንድ አለት ውስጥ ውሃም፣ ድፍድፍ ነዳጅም፣ ጋዝም ስለሚያጋጥመው የአለቱን ድርሻ ብቻ ነጥሎ በካሬ ሜትር ወይም ዳርሲ በተባለ መለኪያ ይጽፋል። 1 ዳርሲ የካሬ ሜትር አንድ ትሪሊዮንኛ ያህል ሲሆን፣ በተራ ሙቀት ላይ ላለ ውሃ ሲለወጥ በሰከንድ የሜትር አንድ መቶ ሺኛ ገደማ ይመጣል።

ይህ ልዩነት ለነዳጅ ባለሙያ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በ10 ዲግሪ ያለ ውሃ በ20 ዲግሪ ካለው 30 በመቶ ያህል ስለሚወፍር፣ ያው አፈር በደጋው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ የሚያሳልፈው ላብራቶሪው ለ20 ዲግሪ አስተካክሎ ከሚጽፈው ያነሰ ነው። ፈሳሹ አፈሩን ራሱን የሚለውጥበት ጊዜም አለ፤ ለውሃ እጅግ ጥብቅ የሆነ ሸክላ ቤንዚን ወይም ሌላ ማሟሟያ ሲያገኘው ተኮማትሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ለምን ፈሳሽ እንደተለካ ያልተጻፈበት የአሳላፊነት ቁጥር ሲገጥመኝ አላምነውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከርዕሱ ሳልወጣ ልበል። ከኩሬ የሰረገ ውሃ ሁሉ የጠፋ ውሃ አይደለም። በመቀሌ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከተሠሩት ትናንሽ ግድቦች በርካቶቹ በተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይና በመሳሰለው አለት በኩል በማፍሰሳቸው የታሰበውን ያህል ውሃ አልያዙም፤ ነገር ግን ከግድቦቹ በታች ምንጭ የፈለቀባቸው፣ ገበሬው ጥልቀት ከሌለው የእጅ ጉድጓድ ማጠጣት የቻለባቸው ቦታዎች አሉ። ከእርስዎ ኩሬ ቁልቁል ያለው ማሳ በበጋ ለምልሞ እንደሆነ ማየቱ አይከፋም፤ ውሃው በየት እንደሄደም ይጠቁማል።

መልስ — የፊዚክስ መምህር

ሦስተኛው ጥያቄ ስላልተጨረሰ በአጭሩ ልመልስ። በማግኔት ትምህርት ፐርሚየቢሊቲ የሚለውን ቃል ያስገባው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1885 ነው። የሒሳቡ ቅርጽ ከዳርሲ ጋር ይመሳሰላል፤ ገፊ አለ፣ ውጤት አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የቁሱ ባሕርይ አለ። በብረት ውስጥ ግን የሚፈስ ነገር የለም። ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው ሲሊከን የተቀላቀለበት ብረት የማግኔት መስክን ከባዶ ቦታ በሺዎች እጥፍ አጠናክሮ ስለሚይዝ መስኩ ወዲያና ወዲህ ሳይበተን በብረቱ በኩል ይዞራል፤ መዳብና ውሃ ግን በዚህ ረገድ ከባዶ ቦታ የማይለዩ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጓደኛዎ ቁጥርና የእርስዎ ቁጥር የሚጋሩት የሐሳቡን አወቃቀር ብቻ ነው።

በመስክ የበለጠ የሚያደናግረው ሌላ ነው። የአፈር እርጥበት መለኪያ መሣሪያዎች ማኑዋል ላይ ፐርሚቲቪቲ የሚል ቃል ያገኛሉ። ይህ ከአሳላፊነት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የኤሌክትሪክ ባሕርይ ሲሆን ለውሃ 80 ገደማ፣ ለደረቅ አፈር ደግሞ ከ3 እስከ 5 ስለሆነ መሣሪያው በዚህ ልዩነት የውሃውን መጠን ይገምታል። ባለሙያዎች ሁለቱን አቀያይረው በሪፖርት ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስሌት ሁሉ ትርጉም ያጣል።

መልስ — ጂኦቴክ

ማብራሪያዎ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ከጥር እስከ ሰኔ ክፍት ሆኖ የደረቀ የመረሬ ንጣፍ፣ ሲጠቀጠቅ ያገኘውን አሳላፊነት ይዞ ሊቆይ አይችልም፤ የአፈር ተመራማሪው እንዳሉት እብጠቱ ንቃቃቱን ይዘጋዋል፣ ነገር ግን በንቃቃቱ ውስጥ አቧራና ደለል ከገባ በኋላ የሚዘጋው ያንኑ ያህል አይሆንም። ያልተነጠፉት ጎኖችም አሉ። በተፈጥሮ በተነባበረ አፈር ውስጥ ወደ ጎን ያለው አሳላፊነት ወደ ታች ካለው መብለጡ የተለመደ ነው፤ ላብራቶሪው የለካው ደግሞ ወደ ታች ያለውን ብቻ ነው።

ከማንኛውም ጥገና በፊት ትነቱን ከስርገቱ ይለዩ። አንድ ሰፊ በርሜል ቆርጠው ውሃ ሞልተው፣ ከንፈሩ ከኩሬው ውሃ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቀር አድርገው ኩሬው ውስጥ ያስቀምጡ። ዝናብ በሌለበት ሳምንት በርሜሉ ውስጥ የጎደለው ትነት ብቻ ነው፤ ኩሬው ከዚያ በላይ የጎደለው ስርገት ነው። የእኔ 5 ሚሊ ሜትር ግምት ስለሆነ በዚህ ልኬት ይተኩት። ከዚያም የኩሬውን ከፍታ በየጊዜው ይመዝግቡ፤ ውሃው ከአንድ ደረጃ በታች ሲወርድ ጉድለቱ በድንገት ከቀነሰ፣ የሚያፈሰው ከዚያ ደረጃ በላይ ያለው ጎን ነው። ቆፋሪዎቹ ድንጋይ የነኩበት ጥግ በስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሆነ ከወዲሁ ያስለኩ።

ጥገናው በሚቀጥለው በጋ የሚሠራ ከሆነ የተሰነጠቀው ንጣፍ ተነሥቶ ጓሉ መፈርፈር አለበት፤ በላዩ ላይ ሌላ ንብርብር መጨመር ብቻ አይበቃም። አፈሩ ለጥቅጠቃ ከሚመቸው እርጥበት በጥቂቱ በላይ ረጥቦ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር፣ የበግ እግር በሚባለው ጥርስ ባለው ሮለር ይጠቅጠቅ። እርጥበቱ ወሳኝ ነው፤ በደረቁ የተጠቀጠቀ ሸክላ በክብደት ተመሳሳይ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጓሎቹ ስላልፈረሱ የሚያሳልፈው በመቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ጎኖቹም አብረው ይነጠፉ፤ ድንጋይ የተነካበት ጥግ ከሌላው በርከት ያለ ውፍረት ይሰጠው። ንጣፉ ሲያልቅ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የማይሰነጠቅ አፈር ለብሶ፣ ከተቻለም ጥቂት ውሃ ገብቶበት ክረምቱን ይጠብቅ።

ጂኦሜምብሬን የተባለውን የፕላስቲክ ንጣፍ ለማንጠፍ በጀት ካለ ያ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሻጩ የሚያሳይዎትን የፕላስቲኩን አሳላፊነት ቁጥር አይመልከቱ። ፕላስቲክ የሚያፈሰው በመጋጠሚያውና በተበሳበት ቦታ ስለሆነ፣ ከመነጠፉ በፊት ወለሉ ላይ ያለው ስለታም ድንጋይ መለቀሙንና ከብት እንዳይገባበት መታጠሩን ይቆጣጠሩ።

በሪፖርትዎ ላይ የላብራቶሪውን ቁጥር አይሰርዙት። «በላብራቶሪ፣ በተጠቀጠቀ ናሙና፣ ወደ ታች፣ በ20 ዲግሪ ውሃ» ብለው ይጻፉት፤ ከጎኑ ደግሞ ከበርሜሉ ልኬት ያሰሉትን የኩሬውን ቁጥር ከነቀኑና ከነውሃው ከፍታ ያስቀምጡ። ልኬቱን ሲጨርሱ ቁጥሮቹን እዚህ ቢልኩልን ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።